እርሳስ በእጅ እንጂ በደም አይያዝም

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከታች በኩል የሰፈሩ ውሾች ሳይቀሩ የለመዱት ድምፅ ይመጣል፤ “ቁራሌው! ቁራሌው!” ከመካከላችን አንዱ በረንዳው ሥር ዓመት ሙሉ አቧራ ስትጠጣ የኖረች የመኪና ባትሪ ነበረችው። እናቱ “እቺን ነገር አንሳልኝ” እያሉ ሲነዘንዙት ከርመዋል። ወጣ፣ ተጠራራ፣ ተከራከረ፣ ተስማማ፣ ገንዘቡን ተቀበለ። ቁራሌው ግን ባትሪዋን እንዳለች ማዳበሪያው ውስጥ አልከተታትም። ክዳኖቿን በሹል ብረት ፈነቀለና በሩ ፊት ለፊት ካለው ቦይ ላይ ዘቀዘቃት። ፈሳሹ ድንጋዩ ላይ ሲደርስ አረፋ ደፈቀ። “ምን እያደረግህ ነው?” ሲለው፣ “ውሃው ይከብዳል፣ ወንድሜ፤ የሚረከቡን ሰዎች ደግሞ የውሃውን አይከፍሉንም” አለው። ከቦይዋ አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ ሁለት ልጆች ብይ ይጫወታሉ።

ወዳጃችን በዚያው ብር ማኪያቶ ጋበዘን። ታሪኩን እንደ ቀልድ አወራልን፤ እኛም እንደ ቀልድ ሳቅን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሳቅ ዕዳ ነው።

ከሳቃችን በኋላ አንዲት ጥያቄ አልለቅ አለችን። በአገራችን ስለ አደገኛ ቆሻሻ አዋጅ አለ፣ ስለ ብክለት አዋጅ አለ፣ ስለ አካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ አለ። ታዲያ ያቺ ባትሪ ከበረንዳ ተነስታ ማቅለጫ እስክትደርስ ድረስ ከእነዚህ አዋጆች አንዱን እንኳ መንገድ ላይ ያላገኘችው ለምንድን ነው?

ባትሪዋ ውስጥ ምን አለ?

አንድ መካከለኛ የመኪና ባትሪ 15 ኪሎ ቢመዝን 9 ኪሎ ያህሉ እርሳስ ነው። የቀረው ፕላስቲክና ሰልፈሪክ አሲድ ነው። አሲዱም ባዶውን አይደለም፤ እርሳስ ሟሙቶበታል። በዓለም ላይ ጥቅም ላይ ከሚውለው እርሳስ ውስጥ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚገባው ባትሪ ውስጥ ነው። ስለዚህ አሮጌ ባትሪ ቆሻሻ ነው ብሎ የሚንቅ ነጋዴ የለም። ገበያ አለው፣ ዋጋ አለው፣ ፈላጊ አለው። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀልጣል። ይህ ማለት አንድ ሰው ከሰል፣ መጥረቢያና የተቆረጠ በርሜል ካለው በጓሮው እርሳስ ማቅለጥ ይችላል ማለት ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ የሚያገኘው የባትሪውን የብረት መረብ ብቻ ነው። በመረቡ ላይ የተለጠፈው ጭቃ መሳይ ነገር፣ ማለትም ብዙው የባትሪው እርሳስ፣ ተመልሶ እርሳስ እንዲሆን 1000 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ያለው እቶን ይፈልጋል። የጓሮው ቀላጭ ይህ እቶን የለውም። ስለዚህ ጭቃው ከአተላው ጋር ተጠርጎ ወደ ግቢው ጥግ ይጣላል፤ ሲደርቅ ዱቄት ይሆናል፤ ነፋስ ያነሳዋል። ልብስ ላይ፣ ጎመኑ ላይ፣ የልጅ ጣት ላይ ያርፋል።

በወጉ የሚሠራ ፋብሪካ ምን እንደሚመስል ደግሞ አይተን ባናደንቀውም የሚታወቅ ነገር ነው። ባትሪው አሲዱን እንደያዘ ይመጣል። በተዘጋና በእርጥብ ማሽን ይሰበራል፤ እርሳሱ፣ ፕላስቲኩና አሲዱ ለየብቻ ይወጣሉ። አሲዱ በኖራ ወይም በሌላ ኬሚካል ይበርዳል። የእቶኑ ጢስ ወደ ሰማይ ከመውጣቱ በፊት በማጣሪያ ከረጢቶች ያልፋል። አተላው ወደ መሬት በማይሰርግበት ጉድጓድ ይቀመጣል። ሠራተኛው ጭምብል አለው፣ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ታጥቦ ልብሱን ይቀይራል፣ ደሙ በየጊዜው ይመረመራል። ሠራተኛው ልብሱን ሳይቀይር ቤቱ ገብቶ ልጁን ያቀፈ ቀን ፋብሪካው ተከትሎት ቤቱ ገባ ማለት ነው።

እርሳስ ምን ያደርጋል?

ልጅ ሆነን “እርሳስህን አትርሳ” እየተባልን ነው ያደግነው። በእጃችን ይዘነው ት/ቤት የሄድነው እርሳስ ግን ስሙ እንጂ ውስጡ ግራፋይት ነው፣ ሰው አይገድልም። የምናወራው ስለ ሌላኛው እርሳስ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ “እስከዚህ ድረስ ችግር የለውም” የሚባል መጠን የለም ይላል። ሕፃናት ወደ ሆዳቸው ከገባው እርሳስ ውስጥ ከአዋቂ ሰው አራትና አምስት እጥፍ ወደ ደማቸው ያስገባሉ። ጉዳቱ የሚያርፈው በማደግ ላይ ያለ አእምሮ ላይ ነው፤ ትምህርት አይገባውም፣ ትኩረቱ ይበተናል፣ ግልፍተኛ ይሆናል። አጥንት ውስጥ ገብቶ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል፤ አንዲት ልጅ በሕፃንነቷ የዋጠችው እርሳስ አድጋ ስታረግዝ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ፅንሷ ሊሻገር ይችላል። እርሳስን ከደም የሚያወጣ መድኃኒት አለ፤ የተጎዳን አእምሮ ወደነበረበት የሚመልስ መድኃኒት ግን የለም። ዩኒሴፍ “ፒዩር ኧርዝ” ከተባለው ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት ከዓለም ሕፃናት ሲሦው፣ እስከ 800 ሚሊዮን የሚደርሱት፣ በአንድ ዴሲሊትር ደማቸው 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ እንዳለባቸው ገምቷል። ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ብሎ የጠቀሰውም በየጓሮው የሚቀልጠውን ባትሪ ነው።

ይህ መርዝ ደግሞ እንደ አተት በአንድ ሌሊት አይጮህም። የሰፈሩ ልጆች በሙሉ በትምህርታቸው ወደ ኋላ ሲቀሩ መምህሩ “የዘንድሮ ልጆች ሰነፎች ናቸው” ይላል፤ ወላጅ በቀበቶ ይገርፋል። ማንም ወደ ቦይው አያይም።

ሦስት ሰፈሮች

ይህን ስንል “እናንተ ደግሞ ታጋንናላችሁ” የሚለን አይጠፋም። እሺ፣ እኛን ተዉን። ሦስት ሰፈሮችን እንይ።

የመጀመሪያው ዳካር፣ ሴኔጋል፣ ቲያሮዬ ሱር ሜር ይባላል። በዚያ ሰፈር ለዓመታት የአሮጌ ባትሪ እርሳስ ይለቀም ነበር። የእርሳስ ዋጋ ሲንር ነዋሪው እርሳስ የተቀላቀለበትን አፈር በከረጢት እየሞላ ወደ ቤቱ ወስዶ ያንገዋልል ጀመር። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባሉት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። ከዚያ በኋላ ከተመረመሩት 50 ልጆች መካከል በደሙ ከ39 ማይክሮግራም ያነሰ እርሳስ የተገኘበት አንድም አልነበረም። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት 5 ማይክሮግራም ሲደርስ ምንጩ ይፈለግ፣ እርምጃ ይወሰድ ይላል።

ሁለተኛው ከደቡብ ጎረቤታችን ነው፤ ሞምባሳ፣ ኦዊኖ ኡሁሩ። እዚህ ጋ ጓሮ አይደለም፤ በር ያለው፣ ጭስ ማውጫ ያለው፣ ፈቃድ የተሰጠው የባትሪ ማቅለጫ ፋብሪካ ነበር። በዚያው ፋብሪካ የሠራችው ፊሊስ ኦሚዶ ልጇ ታሞ ሲመረመር እርሳስ ተገኘበት። ሥራዋን ትታ ሰፈሩን አስነሳች። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2014 ተዘጋ፤ እሷም በ2015 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማትን አገኘች። በ2020 የሞምባሳ የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ ፈረደ። ልብ በሉ፤ ጥፋተኛ የተባለው ፋብሪካው ብቻ አልነበረም። ፈቃድ የሰጡትና ዝም ብለው ያዩት የመንግሥት መ/ቤቶችም ከተጠያቂዎቹ ውስጥ ነበሩ። ክርክሩ በይግባኝ ሲንከባለል ቆይቶ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2024 ለነዋሪዎቹ ፈረደ።

ሦስተኛው ደግሞ “ይህ የድሃ አገር ጣጣ ነው” ለሚሉ። ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ቨርኖን በምትባል ከተማ የነበረ የባትሪ ማቅለጫ ከ30 ዓመት በላይ የሠራው በጊዜያዊ ፈቃድ ነበር። በሀብታሟ ካሊፎርኒያ! እ.ኤ.አ. በ2015 ከፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምቶ ለዘለቄታው ተዘጋ፤ በ2020 ባለቤቱ ኩባንያ ኪሳራ አውጆ ቦታውን ጥሎት ሄደ። በሺዎች የሚቆጠሩ ግቢዎችን አፈር ለመቀየር ግዛቲቱ የመደበችው ገንዘብ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ትርፉን ኩባንያው በላ፤ አፈሩን ግብር ከፋዩ ጠረገ።

ሦስቱን ሰፈሮች አንድ የሚያደርጋቸው የሕግ አለመኖር አይደለም። በመጀመሪያው ሕጉ ወደ ጓሮ አልገባም። በሁለተኛው ፈቃዱ ወረቀት ብቻ ሆነ። በሦስተኛው “ለጊዜው” የተባለው ነገር አንድ ትውልድ ቆየ። እኛስ በየትኛው መንገድ ላይ ነን? ብንጠየቅ፣ በሦስቱም እንላለን።

የእኛ ወረቀቶች

ወረቀት አላነሰንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ያለ ፈቃድ አደገኛ ቆሻሻ ማከማቸትን፣ ማጓጓዝንና ማስወገድን ይከለክላል፤ ያቆሸሸ ያጽዳ፣ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ይላል። የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ተጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ2000 የተቀበልነው የባዝል ስምምነት አሮጌ የእርሳስ ባትሪን፣ ሙሉም ይሁን የተሰበረ፣ በአደገኛ ቆሻሻ መዝገብ ላይ አስፍሮታል። የስምምነቱ የቴክኒክ መመሪያ ባትሪ በሚሰበሰብበት ቦታ አሲዱ አይፍሰስ ብሎ በግልጽ ጽፏል። ቁራሌው በወዳጃችን በር ላይ ያደረገውን ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው ይህን ሁሉ አንብቦ በሕጉ መሠረት ልሥራ ብሎ ቢነሳስ? አንድ የምናውቀው ልጅ ሞክሮታል። ምህንድስና ተምሯል፣ ከዘመድ ብር አሰባስቧል፣ አሮጌ ባትሪ ሰብስቦ በወጉ ለሚያቀልጥ ማስረከብ ነበር ሐሳቡ። ከመስኮት መስኮት ሲመላለስ ከረመ። አንዱ “ይሄ የእኛ አይደለም፣ የክፍለ ከተማው ነው” አለው፤ ክፍለ ከተማው “የፌዴራል ነው” አለው፤ ሦስተኛው ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው አለው። በመጨረሻ ያለንን እንድገመው፤ “አሥራ አንድ ወረቀት ጠየቁኝ። አሲዱን የት ታደርገዋለህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም።”

ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህች ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው። የካርታ ኮፒ ይጠየቃል፣ የኪራይ ውል ይጠየቃል፣ ሦስት በአራት ፎቶግራፍ ይጠየቃል። ማጣሪያው ስንት ጊዜ ተቀየረ? አተላው የት ተቀበረ? የሠራተኛው ደም ስንት ሆነ? አይጠየቅም። ሕግ ማክበር ማለት ፋይል ማሟላት ሆኖ ቀርቷል። ፋይል ደግሞ መርዝ አያጣራም።

ሕግ አክባሪው ለምን ይከስራል?

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ሁለት ሰዎች አንድ አሮጌ ባትሪ ሊገዙ ቆመዋል። የመጀመሪያው የማጣሪያ ወጪ አለበት፣ የኖራ ወጪ አለበት፣ የጭምብል፣ የሻወር፣ የደም ምርመራ፣ የግብር ወጪ አለበት። ሁለተኛው መጥረቢያና ከሰል ብቻ ነው ያለው፤ የቀረውን ወጪ የሰፈሩ ልጆች በደማቸው ይከፍሉለታል። በኪሎ የበለጠ መክፈል የሚችለው ማን ነው? ሁለተኛው! ባትሪዋስ ወዴት ትሄዳለች? ብዙ ወደከፈለው!

ቀጥሎ ተቆጣጣሪ ይመጣል እንበል። ወደ ማን ይሄዳል? ታፔላ ወደሰቀለው፣ አድራሻው ወደሚታወቀው፣ ስልኩን ወደሚያነሳው። አንድ ማስታወሻ ያጎደለው እሱ ይቀጣል። በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ማታ ማታ የሚያቀልጠው ፋይል ስለሌለው ፋይሉ አይጎድልም። ስለዚህ በዚህ ገበያ ውስጥ ሕግ ማክበር ራሱን የቻለ ቅጣት ሆኗል። ከዚያ “ለምን ሰው ሕጋዊ አይሆንም?” ብለን ወርክሾፕ እንጠራለን፤ ሻይ ቡና እንላለን።

ስለዚህ እንደ አንዳንድ ነጋዴዎች “ቁጥጥሩ በዛብን፣ ይቀነስ” አንልም። እንደ አንዳንድ ሹማምንትም “ቁጥጥሩ ይጠንክር” ብለን ብቻ አንተወውም። የምንለው ቁጥጥሩ ቦታውን ስቷል ነው። በሩ ላይ ቆሞ ወረቀት ከመቁጠር ወደ ውስጥ ገብቶ ጢሱን ይለካ። ሥልጣኑ እንደሆነ አለው፤ አዋጅ 300/1995 የአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ማንኛውም ቦታ እንዲገባ ፈቅዶለታል።

“ግን እኮ…” ለሚሉን

“ግን እኮ ድሃው እንጀራውን ያጣል” ይባላል። ይህን ክርክር እናከብረዋለን፤ የቁራሌውን ላብ ስለምናውቅ። ነገር ግን በማቅለጫው ጢስ መጀመሪያ የሚመረዘው ማን ሆነና? ራሱ ቀላጩ፣ ሚስቱና ልጆቹ አይደሉም እንዴ? እንጀራ ነው ብለን ልጆቹን የሚያሳጣውን ሥራ ስንተውለት ለእሱ አዘንን ማለት ነው?

ደግሞም ከዚህ ተነስተው “በሉ ቁራሌዎቹን አፍሱልን” የሚሉ አሉ። ይህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ቁራሌው ለከተማው የሚጠቅም ሰው ነው፤ ከቤት ለቤት ዞሮ የሚለቅመውን ያህል የትኛውም መ/ቤት አይለቅምም። እሱን ማሳደድ ባትሪውን ወደ ባሰ ጨለማ መንዳት ነው። አሲዱን የሚደፋው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ዋጋው እንዲደፋ ስለሚነግረው ነው። ሙሉውን ባትሪ፣ ከነአሲዱ፣ ከደረቁ አስበልጦ የሚገዛው ቢያገኝ በሳምንቱ መድፋቱን ያቆማል።

“ግን እኮ ድሃ አገር ነን፣ መጀመሪያ እንደግ” የሚሉም አሉ። እርሳስ ያለበት ቤንዚን በቀረበት ጊዜም ይኸው ተብሎ ነበር። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ እ.ኤ.አ. እስከ 2006 ድረስ ተላቀቀው፤ በ2021 አልጄሪያ የመጨረሻዋ ሆና ከዓለም ላይ ጠፋ። መኪኖቹ አልቆሙም። እድገት የሚመጣው ደግሞ በሰው አእምሮ ነው። የነገውን ሐኪምና መሐንዲስ አእምሮ ዛሬ ቦይ ውስጥ ደፍተን ነገ ከየት እናመጣዋለን?

ምን ይደረግ?

ተቺ ብቻ ላለመባል አምስት ነገር እንላለን።

አንደኛ፣ ባትሪ የሚያስገባና የሚሸጥ አሮጌውንም የመረከብ ግዴታ ይኑርበት። አዲስ ባትሪ ሲሸጥ መያዣ ገንዘብ ይቀበል፤ አሮጌዋ ከነአሲዷ ስትመለስ መያዣው ይመለስ። የለስላሳ ጠርሙስ ባዶውን ሳንመልስ ያልተሰጠንበትን ዘመን የምናስታውስ ሰዎች ይህ አይከብደንም። በአሜሪካ የመኪና ባትሪ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተመልሶ የሚሰበሰበው በዚህ ዓይነት መያዣ ጭምር ነው። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የባትሪ ደንብ አምራቹንና አስመጪውን ለአሮጌው ተጠያቂ አድርጓል።

ሁለተኛ፣ ብዛት ያለው ባትሪ የሚጠቀሙ ድርጅቶች፣ ማለትም የቴሌኮም ማማ፣ የባንክ፣ የሆስፒታል፣ የአውቶቡስ፣ አሮጌ ባትሪያቸውን በጨረታ “ለበለጠ ከፋይ” መሸጥ ያቁሙ። ለበለጠ ከፋይ ማለት ከላይ ባየነው ሒሳብ ለበለጠ መራዥ ማለት ነው። ጨረታው ፈቃድና ማጣሪያ ላለው ብቻ ይሁን። ይህ አዲስ አዋጅ አይፈልግም፤ የግዥና ንብረት ክፍሉ አንድ መስመር ቢጨምር ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ፈቃዱ አንድ መስኮት ይኑረው፤ መስኮቱ ግን እውነተኛ ጥያቄ ይጠይቅ። የኪራይ ውል ኮፒው ይቅርና የአሲዱን መንገድ፣ የጢሱን ልኬት፣ የአተላውን ጉድጓድ፣ የሠራተኛውን የደም ውጤት ይጠይቅ። ብክለትን ለመከላከል ለሚገባ አዲስ መሣሪያ የቀረጥ ነፃ መብት እዚያው አዋጅ 300/1995 ውስጥ ተጽፏል፤ ማጣሪያ ለሚያስመጣ ሰው ይህ መብት ሳይለመን ይሰጠው።

አራተኛ፣ ማን ፈቃድ እንዳለውና መቼ እንደተፈተሸ ዝርዝሩ በአደባባይ ይለጠፍ። ጋራዡም፣ ባንኩም፣ ቁራሌውም አይቶ ይምረጥ። “ጊዜያዊ” የሚባል ፈቃድ ካለ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበት፤ ቨርኖንን አንርሳ። ፈቃድ የሚወስደውም ለጽዳት የሚሆን ዋስትና አስቀድሞ ያስይዝ፤ ነገ ቆልፎ ቢጠፋ አፈሩን ማን ይጥረገው?

አምስተኛ፣ በማቅለጫና በባትሪ ቤት አካባቢ የሚኖሩ ልጆች ደም ይመርመር። ያልተለካ ነገር የለም ይባላል፤ የለም ሲባል ደግሞ ማንም አይጠየቅም።

የሚመጣው ባትሪ

ይህ ሁሉ ስለ አሮጌው ባትሪ ነው። አዲሱ ደግሞ በመንገድ ላይ ነው፤ ኧረ ገብቷል! ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የአዲስ አበባ ጎዳና ድምፅ በሌላቸው መኪኖች ተሞልቷል። እኛም ደስ ብሎናል፤ ጥቁር ጭስ የናፈቀው የለም። ግን የእነዚህ መኪኖች ትልቁ ባትሪ ሊቲየም ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ዋስትና ስምንት ዓመት ገደማ ነው። ከዚያስ?

የሊቲየም ባትሪ በመጥረቢያ አይሰበርም። ከተሰበረ ይቀጣጠላል፣ መርዛማ ጋዝ ይተፋል፣ በውሃ ጠፋ ሲሉት መልሶ ይነዳል። በተለይ ኮባልትና ኒኬል የሌለበት በብረትና በፎስፌት የሚሠራው ዓይነት እንደ እርሳስ ውድ ነገር ስለሌለው ቁራሌውም ላይፈልገው ይችላል። የእርሳሱ ችግር ሁሉም መፈለጉ ነው፤ የዚህኛው ችግር ማንም አለመፈለጉ ሊሆን ነው። መኪናውን በሺዎች የሚያስገባው ነጋዴ ዛሬ፣ ገና ትርፉ ትኩስ ሳለ፣ ለባትሪው መጨረሻ ካልፈረመ ከስምንት ዓመት በኋላ ስልኩን የሚያነሳልን አይመስለንም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። በእርሳስ ባትሪ ያልቻልነውን በሊቲየም እንችላለን ብሎ ማሰብ ደግሞ ራስን ማታለል ነው፤ መሰብሰቢያው፣ መያዣው፣ መዝገቡ፣ ተቆጣጣሪው አንድ ናቸው። ዛሬ በአሮጌው ካልተለማመድን በአዲሱ አንጀምርም።

እኛና ቦይዋ

መንግሥትን ብቻ ነካክተን ብናበቃ ሐቀኞች አይደለንም። ባትሪዋን የሸጥነው እኛ ነን። አሲዱ ሲደፋ ቆመን ያየነው እኛ ነን። መብራት በጠፋ ቁጥር ኢንቨርተር የምንገዛው፣ ባጃጅ የምንሳፈረው፣ “ማን ይበልጥ ይከፍላል?” የምንለው እኛው ነን። ከሃያና ሠላሳ ብር ልዩነት በላይ ያልጠየቅነው ጥያቄ አለ፤ “ከዚህ ወዴት ትሄዳለች?” የሚለው።

በእጃችን ያለ ግን የማንጠቀምበት ነገርም አለ። አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳዩ በቀጥታ ባይነካው እንኳ፣ አካባቢን የሚጎዳ ወይም ሊጎዳ የሚችል ድርጊት ሲያይ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መ/ቤት አቤት ማለት ይችላል ይላል። መ/ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ጠበቃ መሆን አያስፈልግም፣ መታመም አያስፈልግም፣ የሰፈሩ ነዋሪ መሆንም አያስፈልግም። በኦዊኖ ኡሁሩ ነገሩን የለወጠው አንዲት እናት አቤት ማለቷ ነው።

ወዳጃችን በቀደም ዕለት አንዲት ደብዳቤ ጽፎ አስገብቷል። ከሰፈሩ ጀርባ በቆርቆሮ ታጥሮ ማታ ማታ የሚጨስ ግቢ አለ፤ ስለዚያ ነው። መዝገብ ቤቱ ተቀብሎ ማኅተም መታለት። ከማኅተሙ ቀን ጀምሮ እየቆጠርን ነው። ሠላሳኛው ቀን ሲደርስ መልስ ካለ መልሱን፣ መልስ ከሌለም ዝምታውን ይዘን እንመለሳለን፤ ቀጣዩ መንገድ የት እንደሆነ አዋጁ ነግሮናል።

እስከዚያው ግን በሩ ፊት ያለችው ቦይ እንደነበረች ናት። ልጆቹም አሁንም እዚያው ብይ ይጫወታሉ።